የዱር ፍሬ የረሃብ ምግብ ብቻ ነው ወይ? ከወሎ ልጆች ጋር የተወያየንበት ክር

ክሩ ስለረዘመ ከመሃል የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት፣ መጀመሪያ የጻፍሁትንና የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው ላሰባስብ።

ሸካ ዞን ውስጥ፣ ከማሻ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ባለ መንደር አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ዘንድሮ ተዛውሬ ወደ ደሴ ገባሁ። ከተመለስሁ ወዲህ ግን እዚያ የበላሁት ምግብ ከልቤ አልወጣም። ገበያ የሚቆመው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ከቆረጠው ደግሞ እሱም ይቀራል። ስለዚህ ጫካው የሰጠንን እንበላ ነበር። ከዛፉ እስከ አፋችን አሥር እርምጃ ነው።

ኮረሪማን እንውሰድ። እኛ ጋ የሚታወቀው ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከገበያ ተገዝቶ ነው። እዚያ ቀይ ነው። መሬት ለመሬት ከግንዱ ሥር ብቅ ይላል፤ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ጎንበስ ያላለ ሰው አያየውም። ልጣጩን በጥፍር ሰንጠቅ ሲያደርጉት ፍሬውን የከበበ ነጭ፣ ውሃ ያዘለ ነገር አለ፤ እሱ ይመጠጣል። መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ቀጥሎ ይጣፍጣል፣ ሽታው እስከ ማታ ጣት ላይ ይቆያል። ተማሪዎቼ ከእረፍት ሲመለሱ ኪሳቸው በሱ ይሞላ ነበር፤ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው ያልፋሉ። የገተም ዛፍ አብቦ ሲያበቃ የሚቆረጠው ነጭ ማር አለ። ዝናብ ሲያባራ ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ አለ። ማንም ያልተከለው፣ ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ ቡናም አለ።

ይህን ዘርዝሬ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ወሎ ውስጥ ከዱር ለቅመን ወዲያው የምንበላው ምን አለን? ደግሞስ ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላ ስለሱ ማውራት የምናፍረው ለምንድን ነው?

መልስ 1 ከኮምቦልቻ ነው። ጸሐፊዋ ከየጎፍ ጫካ ሥር ያደገች እህት ናት። እንጆሪን፣ አጋምን፣ ቀጋን፣ ኮሽምን ጠራች። አጋም ለቅመው ሲመለሱ አፋቸውም ቀሚሳቸውም ጠቁሮ ከእናታቸው መደበቅ እንደማይችሉ፣ ነጩ ወተቱ ደግሞ ከንፈር ላይ ደርቆ እንደሚጣበቅ አስታወሰች። መጨረሻ ላይ በወሎ ወግ መርቃኝ ሄደች። እንዲህ ያለ መልስ ቀድሞ ሲመጣ ሰው ደስ ይለዋል።

መልስ 2 ከወልድያ መጣ። ጸሐፊው በለስን በመርሳቴ ተቆጥቷል፤ ቁጣው ግን የወዳጅ ነው። ቆቦና ራያ በሐምሌና በነሐሴ መንገድ ዳር በጣሳ እየሞሉ የሚሸጡ ልጆችን ያላየ ሰሜን ወሎን አየሁ አይበል ባይ ነው። አበላሉንም እኔ የማላውቀውን ያህል አብራራው፦ ፍሬውን መሬት ላይ ዘርግቶ በሣር ጭብጥ ማሸት፣ ዓይን የማታየውን ደቃቅ እሾህ ማራገፍ፣ ሁለቱን ጫፍ በቢላ መቁረጥ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ መሰንጠቅና ልጣጩን በአውራ ጣት ገልብጦ ሥጋውን ማውጣት። በዝቶ ከተበላ ሆድ እንደሚያደርቅም አስጠነቀቀ። ይህን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም ብሏል። እኔ ግን የደሴ ልጅ ነኝና አላውቅም ነበር።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ተለወጠ። ጸሐፊው አሁን ደሴ የሚኖሩ፣ ትውልዳቸው ላስታ የሆነ ትልቅ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ይዘዋቸው ወደ ኮረም ሲሄዱ ሜዳ ላይ ቅጠል እየቀነጠሱ ቀቅለው ያበሏቸው ነበር። የዱር ቅጠልና ደስታ የሚሉ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባታቸው እንዳመማቸው ጻፉ። አገሩ ሁሉ ያፈረው የዱር ምግብ ስለማይጥም እንዳልሆነ፣ ያን ምግብ የበላው ምርጫ አጥቶ በመሆኑ እንደሆነ፣ እኔም የምጽፈው ጠግቤ ስላደግሁ እንደሆነ ነገሩኝ። ንግግራቸው መረር ያለ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

መልስ 4 የኔ ነው። አንቱ እያልሁ፣ አባባሌ እንዳሳዘናቸው እንደተረዳሁ፣ 77ን ከሰው አፍ እንጂ በዓይኔ እንዳላየሁ ጻፍሁ። አንድ ነገር ግን አልሸሸግሁም። ረሃብ ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ ከረሃቡ በፊት አያቶቻችን ወድደው ይበሉት የነበረውን ጣዕም ጨምሮ ሊወስድብን አይገባም ብዬ አምናለሁ። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

መልስ 5 ከደላንታ ናት፤ ወገል ጤና አካባቢ የምትኖር የልጆች እናት። ከመልስ 3 ጋር አልተጣላችም፣ ከኔም ጋር አልተሰለፈችም። ስለ ሳማ ብቻ ነው የጻፈችው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የክሩ ልብ ለኔ ይኸ ነውና።

አያቷ ሳማ የሚለቅሙት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ጓሮ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር፣ ፍግ ከጠገበው መሬት ላይ የበቀለው ይመረጣል። ጫፉ ብቻ፣ ገና ያልጎለመሰው ቅጠል፣ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ በማጭድ ይቆረጣል። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ ከሣር ጋር ይታሻል፤ የሚለበልበው ጠጉር የሚሰበረው ያኔ ነው። ታጥቦ ይቀቀላል፤ አንዴ የፈላ ውሃ ካገኘው ሳማ አይለበልብም። ሲለሰልስ በማማሰያ ይደቆሳል፤ ጭብጥ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይገባል። ዘይት ካለ ጠብ ይላል፣ ከሌለም ይቀራል። ከምድጃ እንደወረደ፣ ትኩሱን፣ በገብስ እንጀራ ይበላል። ካደረ ይጠቁራል፤ ጣዕሙም አብሮት ይሄዳል። አያቷ ሳማ ለነገ አይቀመጥም ይሉ እንደነበር ጽፋለች። ጓሮው አልጠፋም፣ ሳማውም አልጠፋም። እሷም ዛሬ ለልጆቿ ትሠራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ድስቱን ትደብቀዋለች። ለምን እንደምትደብቀው ራሷን የጠየቀችው የኔን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ነው።

መልስ 6 እና 7 የሳማና የዶቢ ክርክር ነው። አንዱ ሁለቱ አንድ ናቸው ሲል ሌላው ዶቢ የሚባለው ቅጠሉ የሚሰፋው፣ ቁመቱም የሚረዝመው ነው አለ። አልተስማሙም፤ ስያሜው በየአገሩ የሚለያይ ይመስለኛል።

መልስ 8 የደን ሳይንስ የተማረ ልጅ ነው፤ እኔንም መልስ 2ንም አረመን። በለስ የዱር ይምሰል እንጂ የአገራችን ተክል እንዳልሆነ፣ የትውልድ ቦታው አሜሪካ ሆኖ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው ኋላ እንደሆነ ጻፈ። ሳማ ግን በተቃራኒው የኛው ደጋ አገር በቀል ተክል ነው። እኔን ያረመኝ ስለ ሸካ ነው። የሸካ ደን ዝናባማ ደን ቢባልም እንደ ኮንጎ ቆላ ደን አይደለም፤ እርጥብ የተራራ ደን ነው። በማሻ በኩል በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ፣ ኮምቦልቻ የሚያገኘው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ቆቦ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ኮረሪማን ወሎ ውስጥ መፈለግ ትርጉም የለውም፤ የኛ ዱር የራሱ ፍሬ አለው። ዶቅማ፣ እንኮይ፣ ቁርቁራ፣ ዋንዛ፣ ለንቋጣ እያለ ከቆላ እስከ ወይና ደጋ ዘረዘረ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡንም አከለ። ማረሙ ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ።

መልስ 9 ወደ 3 ተመልሶ ስለ ሰፈራው አነሣ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው ሕዝብ ሚሊዮኖች እንደሆነ ጽፎ ነበር።

መልስ 10 እሱን አረመው። መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ቢያቅድም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የተጓጓዘው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ ይጠጋል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው የወሎ ሰው ነበር። ጸሐፊው ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ኢሉባቦር የተወለደ የሰፋሪ ልጅ ነው። አባቱ የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ከውጫሌ በታች ካለ መንደር በ19 ዓመታቸው ተወስደው ሰው የማያውቁበት፣ ፀሐይ ከቅጠል በላይ የምትቀርበት አገር ወረዱ። የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። ወባው አለ። የዘሩት አልያዘም። የአገሩ ሰዎች ቦዬ የሚባለውን የሥር ምግብና እንጉዳይ ይዘውላቸው መጡ። አባቱ እንጉዳዩን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ እኛ ጋ የጅብ ጥላ ነው ስሙ፣ ከብት እንኳ አይነካውም። አንዲት የመንደሩ ሴት ራሳቸው ቀድመው በልተው አሳዩዋቸው። ያኔ በሉ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ የሚበላውን ከማይበላው እንዲለዩ፣ ከኩይሳ ላይ ካልሆነ በቀር እንዳይነኩ አስተማሯቸው። አባቱ አሁን የዚያን አገር ዱር ከኛ አገር ዱር በላይ ያውቃሉ።

ግን አንድ ነገር ያነሣሉ፣ ሁልጊዜ። ከውጫሌ በታች፣ ከመንደራቸው ወንዝ ዳር የቆመች አንዲት ሾላ። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ የበሏት። ፍሬዋን ለሁለት ከፍለው፣ ውስጡ ያለውን ትንኝ በትንፋሽ አራግፈው። ልጁ መልሱን የጨረሰው በጥያቄ ነው፤ ያቺ ሾላ አሁንም ቆማ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይኖር እንደሆነ። ወንዙን፣ የመቃብሩን ቦታ፣ የድንጋዩን ቅርጽ ሁሉ ገለጸ።

መልስ 11 ነገሩን ሊያበላሸው ነበር። በደቡብ ምዕራብ ጫካ ሰዎች የሚበሉትን የዱር እንስሳ አንሥቶ እነዚያን ሰዎች በንቀት ጠራቸው፤ እኔም ከነሱ ጋር መብላቴን እንዳሳፋሪ ነገር ቆጠረው። መልስ 12 በጣም ሹል ነበር። ጸሐፊዋ ከመርሳ ናት፤ የሰፋሪ ዘመድ ያላት ይመስለኛል። ያ ሕዝብ ለረሃብተኛ የወሎ ሰው ምግብ ያካፈለ መሆኑን፣ መልስ 10ን ሳያነቡ አፍ መክፈት ነውር እንደሆነ፣ ሰው በሚበላው ምግብ መናቁ እኛንም በ77 ያገኘን ንቀት እንደሆነ ጻፈች። በሷ ቃል ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ ከነሱ ጋር ማር፣ እንጉዳይና ቡና እንጂ የዱር ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፤ በልቼም ቢሆን ያደግሁበት ሥርዓት ለኔ ነው እንጂ ለሌላው መመዘኛ አይሆንም። 11 መልሱን አልመለሰም።

መልስ 13 አበረደው። የሼህ ልጅ የሆነ የተሁለደሬ ሰው ነው። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ስለ ዱር ማር አንድ ቃል እንዳለው አስታወሰ። በቁርኣን አል ነሕል በተባለው ምዕራፍ ንብ ማደሪያዋን በተራራና በዛፍ ላይ እንድትሠራ ታዝዛለች፤ ከሆዷ የሚወጣውም ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት ተጽፏል። በወንጌል ደግሞ መጥምቁ ዮሐንስ የሚመገበው የበረሃ ማር ነው። እሱ ቤት አቦል ሲፈላ፣ በረካው ተጠጥቶ ዱዓ ሲደረግ፣ የጎረቤት ክርስቲያኖች አብረው አሜን እንደሚሉ ጨመረ። እኔ ያደግሁበት ቤትም እንዲሁ ነበር።

መልስ 14 የወሎ ቦረና ሰው ናቸው፤ ስለ ታዝማ ማር። እንዲህ ያለ መልስ ለማግኘት ነው እኔ የጻፍሁት። የታዝማ ንብ ደቃቅና ጥቁር ናት፣ አትናደፍም። ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። ፈላጊው ፀሐይ ሲሞቅ ገደል ዳር ቁጭ ብሎ መሬቱን ይመለከታል፤ ከእርሳስ የማይሰፋ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ስትገባና ስትወጣ ካየ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ቀዳዳው በአፈር እንዳይደፈን ረዥም ስንደዶ ይከትበታል። ስንደዶውን እየተከተለ ይቆፍራል፣ በዝግታ፣ ክንዱ እስኪገባ ወይም ከዚያ በላይ። መጨረሻው ላይ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ሰም የመሰለ ነገር አለ፤ ማሩ ያለው እሱ ውስጥ ነው። እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፤ ጣፋጭነቱ ውስጥ ኮምጣጣ አለበት። ከሻይ ብርጭቆ የሚያልፍ ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው። ቤት ሲገባ ለሳል ተብሎ ይቀመጣል፤ ልጆች ግን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሳሉ። ሰውየው የሚያሳዝናቸውን ደብቀው አላለፉም። ቆፋሪው ማሩን ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ቤቱን ያፈርሳል፤ እጩ ይበተናል፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ቦታ ታዝማ የለም። አባታቸው እጩን መልሰው፣ በአፈር ሸፍነው ይሄዱ ነበር። አሁን የሚሸፍን እንዳላዩ ጻፉ።

ከመልስ 15 እስከ 19 ክሩ ወደ ማር ዋጋ ዞረ። ስኳር ስለተቀላቀለበት ማር፣ ነጩ ማር እውነተኛ ነው አይደለም ስለሚባለው፣ በክብሪት ስለሚደረገው ሙከራ ተጨቃጨቁ። እኔ የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የገተም አበባ የሰጠው ማር በተፈጥሮው ነጭ መሆኑን፣ ንጣቱ ስኳር ገብቶበታል ማለት እንዳልሆነ ለመንገር። ቀፎው ሰው በሐረግ ካልወጣ በማይደረስበት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ማታ በጭስ ሲወርድ አይቻለሁ። የማር እንጀራው ገና ለብ እንዳለ ተቆርሶ መዳፌ ላይ ተቀምጧል። ያን ማር የተጠራጠረ ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልቻልሁም።

መልስ 20 ደንቆሮ ጫካ አጠገብ ከቦረና ሳይንት ነው፤ ከመልስ 14 ጋር የአንድ አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ጫካው ብሔራዊ ፓርክ መሆኑን፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት በመሆኑ እንደፈለጉ ገብቶ መልቀም እንደማይገባ አሳሰበ። ከፓርኩ ውጭ ያለውስ? ዶቅማው ለከሰል፣ ዋንዛው ለጣውላ አልቋል። እረኛ የሚበላው ፍሬ ሲያጣ ከቤት ደረቅ ቆሎ ይዞ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጥር ውስጥ የቀሩት ዛፎች ባይኖሩ ልጁ ዶቅማን በስም ብቻ ያውቅ ነበር። ይህን መልስ ስንት ሰው እንደወደደው አይቻለሁ። መውደድ ብቻ ግን አይበቃም፤ የዶቅማ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ካለ ይጻፍልኝ ብዬ ነበር፤ እስካሁን የጻፈልኝ የለም።

መልስ 21 ነርስ ናት፣ ሁላችሁም አንብቡት። የዱር ምግብ ማውራት ከጀመርን ወዲህ እንጉዳይ ለቅመን እንሞክር የሚል አስተያየት ከሥር ሁለት ሦስት ቦታ አይታ ፈራች። መርዛማው እንጉዳይ ሲቀቀል መርዙ እንደማይጠፋ፣ ምልክቱም ወዲያው እንደማይታይ አስረዳች። ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው ግን በዚያው ሰዓት ነው። ተሽሎታል ተብሎ ቤት መቆየት የለበትም። የእንቧይ ፍሬንም ጠቀሰች፤ ቢጫ ሆኖ ሲያምር ልጅ ያታልላል። እኔ ሸካ ውስጥ እንጉዳይ የበላሁት ከናት ከአባታቸው ከተማሩ ሰዎች እጅ ብቻ ነው። ያለ አስተማሪ ማንም እንዳይነካ እለምናለሁ።

መልስ 22 እና 23 ስለ ቁርቁራ ነው፤ አንዱ የቆቦ፣ አንዱ የባቲ። የባቲው ገበያ ላይ በስኒ ተሰፍሮ ሲሸጥ ያደገ ነው። የቆቦው ደግሞ የደረቀው ፍሬ ከትኩሱ ይበልጣል ባይ ነው፣ ለረዥም መንገድ ኪስ ውስጥ የሚቆይ። እኔ ስለ ትኩስ ምግብ ስጽፍ የደረቀ የሚወድ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ እሱም ልክ ነው።

መልስ 24 ላይ መልስ 3 ተመለሱ። ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እኔም አልጠበቅሁም። ነገር ግን ስለ ሳማ የጻፈችውን እህት ሁለት ጊዜ ማንበባቸውን ገለጹ፤ ድስቱን መደበቋ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ቀጥለውም እናታቸው ያበሏቸውን ቅጠል ስም ነገሩን፦ አሉማ ነበር። ቅጠሉ መጥፎ አልነበረም፤ እናታቸው ከመንገድ ዳር፣ ከወደመ ማሳ ውስጥ እየመረጡ፣ ቀዩን ትተው አረንጓዴውን ነበር የሚቀነጥሱት። ጨው አልነበራቸውም። አርባ ዓመት ሙሉ ከምላሳቸው ያልወጣው የጨው እጦት እንደሆነ፣ ቅጠሉ እንዳልሆነ አሁን ሲጽፉት እንደታወቃቸው አመኑ። አሁንም አይበሉትም። የመልስ 5 ልጆች ግን ሳማቸውን እንግዳ ፊት ቢበሉ እንደማይከፋቸው ጻፉ።

መልስ 25 የደን ተማሪው ነው፤ አሉማ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ታርሶ፣ በገበያ እየተሸጠ የሚበላ ቅጠል መሆኑን በአንድ መስመር አከለ። መልስ 26 የደላንታዋ እህት ናት። ለመልስ 3 አባቴ እያለች መለሰች፤ ወገል ጤና ከመጡ በጨው የተሠራ ሳማ በሯ ላይ እንደሚጠብቃቸው ጋበዘቻቸው።

ትናንት ማታ መልስ 27 ገባ። ከውጫሌ ነው፤ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነኝ ብሏል። መልስ 10 የገለጸውን ወንዝ አውቆት ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ወርዶ አይቷል። ሾላዋ ቆማለች። ወደ ወንዙ ያዘነበለው ትልቁ ቅርንጫፍ በመጋዝ ተቆርጧል፤ ቁርጡ አሮጌ ነው። ከሥሯ ያለው ድንጋይ ለልብስ ማጠቢያ ሆኗል። ፍሬ ግን ይዛለች፣ ከግንዱ ላይ ቅርፊቱን ተጣብቆ፣ ቀላ ቀላ ያለ። አንድ ቆርጦ ከፍቶ፣ ትንኙን አራግፎ በላ። ፎቶም አንሥቶ ላከ።

ዛሬ ጠዋት የሰፋሪው ልጅ መልስ 28ን ጻፈ። ፎቶውን ለአባቱ አሳይቷቸዋል። አባቱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረዥም ጊዜ ተመለከቱ፤ ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍሬው የተቆረጠው ከግንዱ በምሥራቅ በኩል ይሁን በምዕራብ በኩል ይነገራቸው፤ እሳቸው ልጅ ሳሉ ቀድሞ የሚበስለው ፀሐይ መውጫው በኩል ያለው ነበርና። የባጃጁ ልጅ እስካሁን አልመለሰም፤ ነገ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ ደግሞ ወርዶ እንደሚያይ ግን በውስጥ መስመር ጽፎልኛል።